ጭቃ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ



በዚህ የትምህርት ዘመን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለ7ኛ ክፍል በተሰጠው የሳይንስ ፈተና ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ አራት ነገሮችን ጥቀሱ የሚል ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች እንደተማሩት መዳብ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ጨው ያለበት ውኃ እያሉ ጻፉ። አንዲት ተማሪ ግን ሦስቱን ከጻፈች በኋላ በአራተኛው መስመር ላይ «በባሕር ጭቃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ» ብላ አሰፈረች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት፤ አንድ ነጥብም ቀነሱ።

ልጅቷ አልተከራከረችም። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ ወደ ቢሮአችን መጣችና «ስሕተቴን እንድታስረዱኝ ነው» አለች። እውነቱን ለመናገር የእኛም የመጀመሪያ ሐሳብ ከመምህሩ የተለየ አልነበረም። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሽቦ አይደለም። ምናልባት ጨዋማ ጭቃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ሰምታ አደበላልቃው ይሆናል ብለን ገመትን። እሷ ግን «ጭቃው አይደለም፤ ባክቴሪያው ራሱ ነው» ብላ ጸናች። ከየት እንዳገኘችው ስንጠይቃት ታላቅ ወንድሟ አንብቦ እንደነገራት አስረዳችን። እኛም አጣርተን እንደምንነግራት ቃል ገባን።

ማጣራቱ አንድ ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ያገኘነው መልስ አጭር ነው፦ ልጅቷ ትክክል ነበረች። መምህሩ ራሳቸው በክፍሉ ፊት ነጥቧን መለሱላት። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንት የተማርነውን ለሁላችሁም ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ምግብ እና ትንፋሽ

ነገሩን ለመረዳት ከራሳችን ሰውነት እንነሣ። ሰው ሲበላ በምግቡ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ሰውነቱ ይወስዳል። ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ኤሌክትሪክ የምንለው ያው ጥቃቅን ቅንጣት ነው። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በሴሎቻችን ውስጥ ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ሲተላለፉ ጉልበት እናገኛለን። ይሁን እንጂ መጨረሻቸው ላይ የሚቀበላቸው ያስፈልጋል። ለእኛ ተቀባዩ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ተቀብሎ ውኃ ይሆናል። የምንተነፍስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ጡብ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ የሚያጓጉዙ ሰዎችን አስቡ። የመጨረሻው ሰው ጡቡን የሚያስቀምጥበት ቦታ ካጣ እሱ ብቻ ሳይሆን ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። በሕያው ፍጡር ውስጥም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮን ሰጪው ምግብ ቢትረፈረፍ እንኳ ተቀባይ ከሌለ ሥራው ይቆማል።

ባክቴሪያዎችም ለዚህ ሕግ ይገዛሉ። ችግሩ በባሕር ጭቃ ውስጥ ምግቡና ተቀባዩ አንድ ቦታ ላይ አለመገኘታቸው ነው። የምንኖርባት ከተማ የወደብ ከተማ በመሆኗ ውኃው ሲሸሽ ከጥቁሩ ጭቃ የሚነሣውን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ነው። የሞቱ ዕፅዋትና እንስሳት ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት ሲበሰብሱ ይፈጠራል። ለሰውም ሆነ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ለአንዳንድ ባክቴሪያ ግን በኤሌክትሮን የተሞላ ማዕድ ነው።

ኦክስጅን በበኩሉ ከላይ ካለው ውኃ ወደ ጭቃው የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ይጠፋል። ስለዚህ ምግቡ ምድር ቤት፣ አየሩ ደግሞ ሰገነት ላይ ነው ማለት እንችላለን። በመካከላቸው አንዱም ሌላውም የማይገኝበት ባዶ ንብርብር አለ። ለእኛ ይህ ርቀት የጣት ጥፍር ያህል ነው። ርዝመቱ 3 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ሺሕኛ፣ ለሆነ ሴል ግን እጅግ ረጅም መንገድ ነው።

በኦርሁስ የጠፋው ሽታ

በዴንማርክ አገር ኦርሁስ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ላርስ ፒተር ኒልሰን ከወደቡ ሥር ጥቁርና የሚሸት ጭቃ አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። በመርፌ ጫፍ በቀጠኑ መለኪያዎችም በየጥልቀቱ ያለውን ኬሚካል ይለኩ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጭቃው በሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተሞላ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ከጭቃው ከፊሉ ቀለሙ እየፈዘዘ መጣ፤ መለኪያዎቹም ከላይ ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ጋዙ እንደጠፋ አሳዩ።

ይህ ሊሆን የማይገባው ነገር ነበር። ጋዙን ሊያጠፋ የሚችለው ኦክስጅን እዚያ ጥልቀት አይደርስም። ሰውየው መጀመሪያ የጠረጠሩት እኛ ተማሪያችንን በጠረጠርንበት መንገድ ነው፤ መለኪያው ተሳስቷል ብለው አሰቡ። ይሁን እንጂ ልኬቱን ወርውረው ወደ ሌላ ሥራ አልተሻገሩም። ደጋግመው ለኩ፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

ቀጥሎ ከጭቃው በላይ ባለው ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሲያነሡና ሲመልሱ ከሥር ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አብሮ ሲለዋወጥ አዩ። ከላይ ኦክስጅን ሲጠፋ ታች ያለው ጋዝ ይበዛል፤ ሲመለስ ይቀንሳል። ለውጡ የሚደርሰው ደግሞ አንድ ኬሚካል በጭቃው ውስጥ ሰርጎ ያንን ርቀት ለመጓዝ ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ ፈጥኖ ነበር። ላይኛውንና ታችኛውን ንብርብር የሚያገናኝ ፈጣን ነገር አለ ማለት ነው። ኒልሰንና ባልደረቦቻቸው ከኤሌክትሪክ በቀር ይህን የሚያስረዳ ነገር እንዳላገኙ ገልጸው በ2010 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ግኝታቸውን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ኤሌክትሪኩ በምን ላይ እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

መልሱ የተገኘው በ2012 ነው። ተመራማሪዎቹ ጭቃውን በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ከዚህ ቀደም ማንም ልብ ያላላቸው ቀጫጭን ክሮች አገኙ። እያንዳንዱ ክር አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ ተያይዘው የተሰለፉ ሺዎች የባክቴሪያ ሴሎች ነበሩ። ክሮቹ የሥራው ባለቤት መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቀላልና ብልህ ሙከራዎች አደረጉ። የመጀመሪያው በጣም ቀጭን የብረት ሽቦ ይዘው ክር ቂቤ እንደሚቆርጥ ጭቃውን በአግድም መቁረጥ ነበር። ወዲያው ከላይ ያለው የኦክስጅን ፍጆታ ቀነሰ፤ ገመዱ ተበጥሷልና። ሁለተኛው በጭቃው መካከል ቀዳዳዎቹ እጅግ የጠበቡ ወንፊት ማስገባት ነበር። ኬሚካሎች ያልፋሉ፤ ክሮቹ ግን አያልፉም። ኤሌክትሪኩም አላለፈም። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃዎችን በንብርብር ማስገባት ነበር። ክሮቹ በዶቃዎቹ መካከል ሾልከው አለፉ፤ ኤሌክትሪኩም አብሯቸው ተሻገረ።

እነዚህ ፍጡራን ዛሬ የኬብል ባክቴሪያ ተብለው ይጠራሉ።

ክሩ እንዴት ሽቦ ሆነ?

የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በደንብ እንዲለዩት የምንፈልገው አንድ ነጥብ አለ። ጨዋማ ውኃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አዮኖች፣ ማለትም ሙል ያላቸው የጨው ቅንጣቶች ናቸው። በኬብል ባክቴሪያ ውስጥ የሚሄደው እንደ መዳብ ሽቦ ኤሌክትሮኑ ራሱ ነው። ተማሪያችን «ጭቃው አይደለም» ያለችው በዚህ ምክንያት ትክክል ነበር። ደግሞም ኤሌክትሪክ የሚሄደው ዑደቱ ሲዘጋ መሆኑን ተምራችኋል። እዚህ ኤሌክትሮኖቹ በባክቴሪያው ክር ወደ ላይ ሲወጡ በጭቃው ውኃ ውስጥ ያሉት አዮኖች ተንቀሳቅሰው ዑደቱን ይዘጋሉ። ሁለቱም ድርሻ አላቸው።

አንዱን የኬብል ባክቴሪያ ክር በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሸንተረሮች ይታያሉ። በየሸንተረሩ ሥር እጅግ ቀጭን የሆነ የፕሮቲን ጭረት ተዘርግቷል። ጭረቱ በአንዱ ሴልና በሌላው መካከል አይቋረጥም፤ ክሩን በሙሉ ያካልላል። በ2019 በቤልጅየም የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ የፊሊፕ ሜይስማን ቡድን አንዲት ነጠላ ክር ከጭቃ አውጥቶ በሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች መካከል አጋድሞ ለካት። ኤሌክትሪኩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተጓዘ። ጭረቶቹ ከመዳብ በብዙ ሺህ እጥፍ ደካማ አስተላላፊዎች ናቸው፤ ሆኖም ፕሮቲን በተለምዶ ኤሌክትሪክ እንደማያስተላልፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም ኃይል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በጭረቶቹ ውስጥ ኒኬል የተባለው ብረት ከድኝ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ ታወቀ።

ኤሌክትሮን ከሰውነቱ ውጭ የሚያወጣ ባክቴሪያ ከዚህ በፊት ፈጽሞ አልታወቀም ማለታችን አይደለም። ጂኦባክተር የተባለው ባክቴሪያ በጥቃቅን የፕሮቲን ሽቦዎች ኤሌክትሮኖችን ወደ ብረት ማዕድን እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የእርሱ ሽቦ ግን የሚለካው በማይክሮ ሜትር ነው። የኬብል ባክቴሪያ አዲስነት ርቀቱ ነው።

ርቀቱን በራሳችን ቁመት እንለካው። አንዱ ሴል 3 ማይክሮ ሜትር ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ክር 10,000 ሴሎች ይኖሩታል። አንድ ተማሪ አንድ ሜትር ተኩል ነው ብንል 10,000 ተማሪዎች ጭንቅላትና እግር ገጥመው ቢተኙ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። በአንደኛው ጫፍ ያለው ይበላል፤ በሌላኛው ጫፍ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ የተኛው ይተነፍስለታል። እነዚህ ክሮች በደንብ በተስፋፉበት ጭቃ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ሥር ያሉት ሁሉ ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ስለ ጭቃ ባያስቡም አባባሉ እዚህ በትክክል ይገጥማል።

የሚበሉትና የሚተነፍሱት

በክሩ ላይ የሥራ ክፍፍል አለ። ታች ያሉት ሴሎች ከሃይድሮጂን ሰልፋይድ ኤሌክትሮኖችን ወስደው ወደ ሽቦው ይልካሉ። ላይ ኦክስጅን ያለበት ቦታ የደረሱት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ለኦክስጅን ያስረክባሉ። ኦክስጅን የሚያገኙት ሴሎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ሲሉ በከፍተኛ ፍጥነት ይሠራሉ። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ምግብ ወስደው የሚያድጉት ታች ያሉት ናቸው። ላይ ያሉት ለክሩ በሙሉ ይተነፍሳሉ እንጂ በዚያ ሳሉ እምብዛም አያድጉም። ክሩ በጭቃው ውስጥ ስለሚንሸራተት ሴሎቹ ተራ ሊለዋወጡ ይችላሉ።

ይህን በሳይንስ ክበብ ስናስረዳ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አነሣና «እንደ እናቴ ነዋ» አለ። እናቱ የሌሊት ፈረቃ እንደምትሠራ እናውቃለን። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ባክቴሪያ ፍቅርና ሐሳብ የለውም፤ የሰውን ጠባይ ለእሱ መስጠትም ሳይንስ አይደለም። ቢሆንም ልጁን አላረምነውም።

ለሰው ምን ይጠቅማል?

ወላጆች በእርግጥ የሚጠይቁት ይህንን ነው። በመጀመሪያ ግን ከዚህ ጭቃ አምፖል ማብራት ወይም ስልክ መሙላት ይቻላል ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር። በአንዲት ክር ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ጥቅሙ ያለው በሌላ በኩል ነው።

አንደኛ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች መርዛማው ጋዝ ወደ ውኃው ሳይወጣ እዚያው ያጠፉታል። በሆላንድ ግሬቬሊንገን በሚባል ጨዋማ ሐይቅ የተደረገ ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ባክቴሪያዎቹ በሚሠሩበት ወቅት በጭቃው ገጽ ላይ የብረት ዝገት ንብርብር እንዲከማች ያደርጋሉ። በበጋ የሐይቁ ወለል ኦክስጅን ሲያጣ ይህ ዝገት ከሥር የሚመጣውን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይዞ ያስቀረዋል። ዓሣውና ሌላው ሕይወት በዚያ መካከል ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ሩዝ በውኃ በተኛ ማሳ ላይ ሲበቅል ከጭቃው ሚቴን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ሚቴን የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት ጋዞች አንዱ ነው። በ2020 የኦርሁስ ተመራማሪዎች ሩዝ በተተከለባቸው ማሰሮዎች ውስጥ የኬብል ባክቴሪያ ሲጨምሩ ከጭቃው የሚወጣው ሚቴን በ93 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱም ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይድን ወደ ሰልፌት ይመልሳሉ፤ ሰልፌት ሲበዛ ደግሞ በእሱ የሚኖሩ ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት ሚቴን ሠሪዎቹን ምግብ ይሻሟቸዋል። ይህ የማሰሮ ሙከራ እንጂ የገበሬ ማሳ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም የት መፈለግ እንዳለብን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ሕይወት ያለው ነገር ከፕሮቲን ሽቦ መሥራት ከቻለ ሰውም ከዚያ ተምሮ ሲጣል የማይመርዝ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሠራ ይሆናል የሚል ተስፋ ያላቸው ተመራማሪዎች አሉ።

በቤት የሚሞከር

በክረምቱ ዕረፍት ከታላላቆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ይህን ሞክሩ። ባዶ የውኃ ሃይላንድ አንገቱን ቁረጡና ግማሹን ከባሕር ዳርቻ በተወሰደ ጥቁር ጭቃ ሙሉት። በላዩ ላይ አራት ጣት ያህል የባሕር ውኃ ጨምሩበት። ክዳን ሳታደርጉበት አየር በሚገባበት ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ውኃው ሲጎድል ንጹሕ ውኃ ጨምሩ። ከሳምንታት በኋላ ከላይ ቀላ ወይም ቡናማ ያለ ስስ ንብርብር፣ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ታያላችሁ። ያ መስመር ኦክስጅን ካለበት ገጽ ወደሌለበት ጥልቀት የሚደረገውን ሽግግር በግምት ያሳያል። በየሳምንቱ በማስመሪያ ለክታችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ። ጭቃውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና መታጠብ አትርሱ። የኬብል ባክቴሪያን በዓይን ማየት አይቻልም፤ የሚሠራበትን ቤት ግን በዚህ መንገድ ታዩታላችሁ።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ መምህራኖቻችን ተሰብስበው አንድ ነገር ወሰኑ። ከእንግዲህ በፈተና ላይ ያልተጠበቀ መልስ ሲገኝ ከመሰረዙ በፊት ተማሪው ይጠራና «ከየት አገኘኸው?» ይባላል። ብዙ ጊዜ መልሱ ስሕተት ሆኖ ይገኛል፤ ያም ቢሆን ለማስተማር ጥሩ አጋጣሚ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የተሳሳተው ተማሪው ሳይሆን የእኛ ዕውቀት ይሆናል። ኦርሁስ ላይ ያ ጭቃ «መለኪያው ተሳስቷል» ተብሎ ቢደፋ ኖሮ እኛም እስከ ዛሬ አናውቀውም ነበር።

የልጅቷ የፈተና ወረቀት አሁን በራሷ ፈቃድ፣ ስሟ ተሸፍኖ፣ በመምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ቀዩ ሰረዝ አልጠፋም፤ አጠገቡ በዚያው በመምህሩ እጅ «ትክክል» ተብሎ ተጽፎበታል።